ባልዲዋ

ሐምሌ ነው፤ ቫልዲቪያ። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ፤
ወንዙ ወደ ዓሣ ገበያው ደጅ በደረቱ ተጓዘ።

በደቡብ አርክቴክቶች ማኅበር አዳራሽ፣ ከመድረኩ በታች፣
አንዲት ሰማያዊ ባልዲ ወለሉ መሐል ተቀምጣለች።
ጠብ ይላል ከላይ፤ ያርፋል፤ ደግሞ ጠብ።
አርባ ሦስት አርክቴክት፣ አርባ ሦስት ካፖርት እርጥብ፣
ማንም ቀና አይልም፤
ሁሉም አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ያነባል።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ የተባለውን መጻፍ።
“ባልዲ” ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ ምን አገባኝ፣ ልለፍ።
ለነገሩ ጣሪያውን የነደፉት ዶን ኤቬራርዶ ኩሼል ናቸው፤
ማኅበሩን ያቆሙት፣ ግማሹን ሰው ያስተማሩት፤
ያው ከፊት ወንበር ላይ፣ ከዘራቸው በጉልበታቸው።
ታዲያ ለአስተማሪው ማን ይነግራል፣ “ጣሪያዎ ያፈሳል” ብሎ?
ዘጠኝ ክረምት አለፈ፣ ባልዲ በባልዲ ተተክቶ፣
ዝምታው ሌላ ጣሪያ አክሎ።

ያስና ኦያርሱን ተነሣች፤ በሁለት ድምፅ ብልጫ የተመረጠች፤
ባለ ሰባት ነጥብ ወረቀቷን ዘረጋች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“አንደኛ፤ ሌሊት ሞዴል ሲቆርጡ የሚያነጉ ልጆቻችን
ደመወዝ ያግኙ፤ ስማቸውም ይጻፍ ከስማችን ጎን።
ሁለተኛ፤ ማኅተማችን ያላየነው ፕላን ላይ አይረፍ፤
በወዳጅ ልመና፣ በእራት ግብዣ፣ ያዘመመ ግድግዳ አይደገፍ።
ሦስተኛ፤ አንኩድና ኬዮን ያሉት መዋጮ ብቻ አያዋጡ፤
አንዳንዴ እኛ ጀልባ እንሳፈር፤ ሁልጊዜ እነሱ አይምጡ።
አራተኛ...”

ጠብ።
ወረቀቱ ላይ። ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር አወጣ፤
አራተኛው ነጥብ ሟሙቶ ከገጹ ወደ ጣቷ መጣ።
ያን ጊዜ ቀና አለች። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ሰው።
አየች። ረጅም ጊዜ አየች። አዳራሹን ጸጥታ ዋጠው።

“ዶን ኤቬራርዶ፣” አለች፣ “ይህ ጣሪያ የማነው?”

አንድ ሰው ሳለ። አንድ ወንበር ሲጥ አለ።
ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ፤
“የእኔ ነው።
ሬሚሂዮ ናዌልፓን፣ አናጺው፣ ገና ሳይከደን ነግሮኝ ነበር፤
‘ጌታዬ፣ ቤት የሚቆመው በግጥሙ ነው፤
ይህ ግጥም ደግሞ ውኃ ሳያሳድር አይቀር።’
‘አንተ መዶሻህን ያዝ’ አልኩት። ያዘ።
ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ መንገድ ስንገናኝ ባርኔጣውን ያነሣል፤
እኔ ግን ሰማይ ሰማይ አያለሁ፣ ደመና ያሳሰበኝ ይመስል።”

ያስና እርሳስ አወጣች። የምትጽፍ መስሎኝ ነበር፤ አልጻፈችም።
“አራተኛው ይኸው ነበር፣” አለች፤
“እንዲህ አሳምሬ ግን አልጻፍኩትም።
የቀሩት ሦስቱ ይቆዩ።”

“አናጺው ቤት ማን ይሄዳል?” አለ ከኋላ አንድ ወጣት።
“እኔ፣” አሉ ኩሼል፤ “ብቻ መኪና የሚነዳልኝ ስጡኝ፤
ዓይኔ ማታ ማታ ደክሟል።”

ሐሙስ ሬሚሂዮ መጣ፣ የእንጨት ክዳን ጭኖ፣ የልጁን ልጅ አስከትሎ።
ስለ ይቅርታ የሰማሁት ነገር የለም።
ወጣ፤ ነቀለ፤ አየ፤ ምላሱን ጠቅ አደረገ።
ኩሼል መሰላሉን ይዘዋል፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣
ውኃው ከባርኔጣቸው ክፈፍ እየወረደ በአንገታቸው።

ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ የሰረዝኩትን ቃል መለስኩት።
ወረቀቷንም ምድጃ አጠገብ አድርቄ፣
እንደ ተጨማደደ፣ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።
አዳዲስ አባላት ያነቡና “አራተኛው ምን ይላል?” ይሉኛል፤
ወደ ላይ እጠቁማለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤
አንዳንዱ ሳይገባው ይሄዳል።

የሰሜን ነፋስ የበረታ ቀን አሁንም አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፤
ባልዲዋን አልጣልኳትም፤ ከጠረጴዛዬ ሥር አለች።