ከግምት የገባ

ደላላው ጣሰው በበራችን አልፎ፣ «ስድስት ሚሊዮን» አለ፤
እህቴ ዘነበወርቅ ዘንድ ሰባትም ቀለለ፤
ሸዋንግዛው ዕዳ አለበት፣ «በአራትም ይሂድ» ብሎ ማለ፤
እኔ ዝም አልኩ፤ በሆዴ የያዝኩት ቁጥር ግን ከሁሉም ያየለ።

ዓመት ሙሉ ተኳረፍን። በአባታችን ተዝካር
ሦስት ጥግ ይዘን በላን፣ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ ሳንነጋገር።
ሽማግሎቹን መረራቸው፦ «ገማች ይጠራ፤ ቁጥር
ዘመድ የለው፣ አበልጅ የለው። ይለካና ይነገር።»

መጣ፣ በጥቅምት ማለዳ። የደብረ ብርሃን ውርጭ
ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ደጁ ሣር ሁሉን አድርጎት ነጭ።
ልሳነወርቅ ይባላል፤ ካፖርት፣ መዝገብ፣ ብርድ የጠበሰው ጉንጭ።
«ያዥልኝ» አለ፤ የሜትሩን ጫፍ ሰጥቶኝ እየዘረጋ ሄደ፤
ግድግዳውን በጣቱ መታ፣ አደመጠ፤ መሰላል ወጣ፣ ወረደ።
«ጭቃ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። የባሕር ዛፍ ማገር።
ከአስፋልቱ ሁለት መቶ አርባ ሜትር።
ውሃ አለ። መብራት አለ። ካርታ አለ።»
አባታችን ስለተከለው ጽድ ምንም አላለ።

ከመስኮቱ ሥር ስንጥቁን አየ፤
አባታችን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲመለስ፣ በየመስከረሙ እየለየ
በጭቃና በሱፍ ቁራጭ የሚደፍነውን።
«ይሄ ይቀንሳል» አለ። አልተከራከርነውም፤ ስንጥቅ ስንጥቅ ነው፤ ምን እንበለው?

የኋላው ክፍል ደረስን። «ይሄኛው ለምን ያገለግላል?»
ተያየን። በዓመቱ የመጀመሪያችን ነበር መተያየታችን፣ ያሳፍራል።
«ዕቃ ቤት፤ መኝታው ሁለት ነው» አለ ሸዋንግዛው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይል።
ወለሉ ላይ ግን አራት ጎድጓዳ፣
የአልጋ እግር ፈለግ፤ እናታችን አምስት ክረምት፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣
የበሬሳን ሙላት እየሰማች የከረመችበት።
ልሳነወርቅ ጎንበስ አለ። አንዱን ጎድጓዳ በአውራ ጣቱ ነካው።
ከዚያ ተነሣ፣ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አልታየንም፤ መዝገቡን ዘጋው።

በዐሥረኛው ቀን ወረቀቱ መጣ።
ሦስት ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ፤ ማኅተሙ ደማቅ ነው፤
ከሁላችንም ቁጥር ያነሰ። ዘነበወርቅ፦ «ሰውዬው ዕውር ነው?»
ሸዋንግዛው፦ «እንዲያውም ሌባ!» እኔ፦ «ጽዱን እንኳ ያላየ ሰው!»
የእኛ ኩርፊያ እንዲህ ተፈታ፤ ገማቹን በአንድ አፍ ስናማው።

ኋላ፣ ሳቁ ሲበርድ፣ ወረቀቱን ገለበጥኩ፤
ከዋጋው በላይ ያለውን ዝርዝር በጣቴ እየቆጠርኩ፦
ሳሎን፣ አንድ። ማድቤት፣ አንድ። እዚህ ጋ ቆምኩ፣ ደገምኩ፦
መኝታ ቤት፣ ሦስት።
ዕቃ ቤት፣ የለም።