ዓይን

ይህችን ከተማ "ዓይን" ነው የሚሏት፣
በነሱም በኛም ቋንቋ አንድ ነው ትርጉሟ፤
ከመጣሁ ወዲህ ከዚህ አገር ነገር
ሳልማር የገባኝ ያ ብቻ ነው፤ ስሟ።

ዓርብ ነው ዕረፍቴ፤ ከአሥር እስከ ሦስት።
ከቪላው እስከ ፌርማታው ሰባት መቶ ርምጃ፣ በነሐሴ እሳት።
ፌርማታው ቤት አለው፣ መስታወት የለበሰ፣
ማቀዝቀዣ ያለው፤ አንዳንዴም ይሠራል፤
እዚያ ቁጭ ብዬ አሥራ አራት ቁጥር
እስኪመጣ ድረስ ላቤ ይደርቃል።

ባሱ ፊቴ ሲቆም በአንድ ጎኑ ያጎነብሳል፣
ትልቅ ሰው እንዳየ፤
ካርዴን አስነካለሁ፣ ጢጥ ይላል፤ ከፊት ነው ቦታችን፣
ሴት ከወንድ ተለየ።
ከኋላ ኩሪየን፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ቱቦውን አቅፎ፤
ከጎኑ አንድ ልጅ፣ እንደቆመ የተኛ፣
ደረቱ ላይ አንገቱን ደፍቶ።

እሷ ከክሊኒኩ ነው የምትሳፈር።
"የሐይቋ!" ትለኛለች። "አቤት፣ የአጋሮዋ!"
ስም አልተጠያየቅን፤ መጠሪያችን አገር።
"በረሃ ላይ ሐይቅ!" ብላ ስትስቅ
ይንቀጠቀጣል ትከሻዋ።
ሃያ ሰባት ደቂቃ፣ እስከ ገበያው፤
በሳምንት አንድ ቀን ምላሴ የሚፈታው
ያኔ ነው። ስለ እግሯ ቁርጥማት፣
ድመቷን ቁጭ አድርጋ ስለምትመክር አሠሪዋ አሮጊት፣
በላከችው ብር ስለቆመ ጣሪያ፤
ወንድሟ ከላዩ ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ፣
"ቤት ሥራ አልኩት እንጂ ማን ውጣበት አለው?" እያለች።

አንድ ዓርብ ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣
በሁለት ቋንቋ፤ ሁለቱም የኔ አይደሉም።
ቁጥሩን ብቻ አነበብኩ፤ ከአሥራ አራት ሥር
ቀስት አለ፣ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት የተሰነጠቀ።
ለካ መስመሩን ከፍለውታል፤
አንዱ በክሊኒኩ፣ አንዱ በቴምር እርሻው ይሄዳል።
"ለተሳፋሪው ምቾት ነው" አለኝ ኩሪየን አንብቦ፣
"አሥራ አንድ ደቂቃ ታተርፊያለሽ።"
አተረፍኩ።
ያተረፍኩትን ይዤ ገበያው በር ላይ ቆምኩ፣
የምሰጠው አጥቼ።

አንድ ቦታ ግን አለ፣ ሁለቱ የሚተያዩበት፤
አደባባይ ነው፣ የሲሚንቶ ሚዳቋ መሀሉ የቆመችበት።
አንዱ ሌላውን ያሳልፋል፣ አምስት እስኪቆጠር፣
ከዚያ ወዲያና ወዲህ።
እዚያ ነው ያየኋት፣ ከመስታወት ወዲያ መስታወት፣
በኩል የጻፈችበትን ወረቀት ደግፋ።
"ሚስ..." አልኩ፤ ባሱ ታጠፈ።

ሳምንቱን ቀሪውን ፊደል ስፈልግ ሰነበትኩ።
ሚስጥር ይሆን? ካውያው እጄ ላይ።
ሚስማር? ሩዝ ስለቅም።
ሚስት ልትሆን ይሆን? ማንን አገኘች፣ የት?
በማግስቱ ዓርብ ባሷ ዘገየች፤
አደባባዩ ላይ ሚዳቋዋ ብቻ ነበረች።

በሦስተኛው ዓርብ እኔም ወረቀት ይዤ ከወንበሬ ተነሣሁ።
ጉል ዛማን፣ ሹፌራችን፣ በመስታወቱ አየኝ፤ ምንም አላለኝ።
መውጫው ጋ ደረሰ፤ አልወጣም። ዞረ።
"መውጫው!" ብሎ ጮኸ ኩሪየን፤ ቱቦው ጣሪያውን ገጨ፤
የቆመው ልጅ ነቃ።
"አመለጠኝ" አለ ጉል ዛማን፣ በሰባራ ዓረብኛ።
አሥራ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው፣ መውጫ አመለጠው!
አውቆ ነው ወይ ብትሉኝ፣
ዓይኔን ግንባር ያርገው።

በሁለተኛው ዙር ባሷ ቆሟል፣ እኛን ሊያሳልፍ።
ወረቀቱ ትልቅ፣ ፊደሉም ሰፋፊ፦
ሚስኪያ።
ስም ነበር ለካ። በሦስት ዓርብ ነው
ተቆርሶ የደረሰኝ።

እኔም ከማዳም የገበያ ዝርዝር ጀርባ፣
ከእርጎና ከሎሚው፣ ከበረኪናው ጀርባ፣
የኔን ጽፌ ነበር፤
መስታወቱ ላይ በሁለት እጄ ጫንኩት፦
ያየሽ።