አርባ ዶላሩ

አርቮ ኒስካላ ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ ያሰላል፤
ይኼኛው ካሜራ ፎቶውን በስልክ ይልካል፣
ግን ወር በገባ ቁጥር ኪራይ ይበላል።
ያኛው ድቅድቁን ሌሊት ቀን ያስመስላል፤
ዋጋው ግን… የወረቀት ፋብሪካው ባይዘጋ፣ ይቻላል።

«ያንን ስጪኝ» አላት ልጅቱን፣
አርባ ዶላሩን፣ ጥግ የተረሳውን።
«ድንጋይ ይጨርሳል» አለች፤ «ቀንና ሰዓቱም ይስታል።»
«አጋዘን» አለ፣ «ሰዓት መቼ ያያል?»

ከሐይቁ ማዶ፣ ከጥዱ ግንድ ላይ
በወገቡ ልክ አሰረው፣
ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ፀሐይ እንዳታየው።

በሳምንቱ ካርዱን ነቅሎ ገባ።
ሁለት መቶ ምስል፦
ነፋስ ያወዛወዘው ሣር፣
ራኩን፣ ጅራቱ ብቻ፣
ሣር፣
የራሱ ጀርባ፣ አስሮት ሲመለስ፤
(መቼ ነው እንዲህ የጎበጥሁት?)
ደግሞ ሣር።

ከዚያ መጣ።
ቀንዱ ስምንት ጫፍ፣ ጆሮው ላይ አመዳይ፣
አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ሊረግጥ ሳይረግጥ፣
ዓይኑ ሁለት ፍም።

ከሥሩ ቀኑ ታትሟል፤
ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሸሽ ቀን፣
አሥራ አንድ ዓመት የሳተ።
በዚያ ዓመት ሄልሚ ነበረች።
በዚያ ሰዓት፣ ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣
ምድጃውን ልትቆሰቁስ ተነሥታ
«ጓንትህን እንዳትረሳ» ትለው ነበር።

ማስተካከያው መመሪያው ላይ አለ፣ ገጽ ስድስት።
ገጹን አገኘው። መነጽሩንም አገኘው።
አዲስ ድንጋይ ብቻ አጎረሰው፣
ቀኑን እንዳለ ተወው፣
ወደ ጥዱ ሊመልሰው ወጣ።

ከግማሽ መንገድ ተመለሰ፤
ጓንቱን ረስቶ።