የውሃ ተራ

ያን ሰሞን ዝም ነበር። ኔትወርክ የለም፣ ጠፍቷል።
ስልኬ እንደ ድንጋይ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።
የወሬ ጥም ይዞን፣ ፍኖተ ሰላም በር፣
ከሹፌር ከረዳት ቃል እንለቅም ነበር።
አንዲት ወሬ ስናገኝ ለሳምንት ስንቃችን፣
እንደ ቆሎ ቆጥረን ለየጎረቤታችን።

ኋላ፣ ወርሃ ጥር፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ፣
ስልኬ ይንዘፈዘፍ ጀመር፣ ወባ እንደያዘው እንግዳ።
አውጥቼ ባኖረው እየተንፏቀቀ፣
በጠረጴዛው ጫፍ ከመሬት ወደቀ።
የሰባት ወር ኩሬ ባንድ ቀን ፈሰሰ፤
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መልእክት ደረሰ።
የሠርግ ፎቶ አለ፣ አርባው ያለፈ ለቅሶ፣
የበርበሬ ዋጋ፣ ወጥቶ ደሞ ረክሶ፤
“አስቸኳይ” የሚል ኢሜይል ከዞን ግብርና፣
የመስከረም ሪፖርት በጥር የሚያስፈልግ ይመስል ገና፤
“ለአስራ ሁለት ሰው ላኪ፣ ያለዚያ ወየውልሽ”፤
“ሰበር ዜና” ይላል፣ ማታም ጧትም “ሰበር”፣
ምን ሰበረ እሱ ከኔ አንገት በስተቀር?

የጠማው ሰው ሲጠጣ መች ያውቃል ‘በቃኝ’ን፤
ብርሃኑን ታቅፌ አነጋሁት ሌቱን።
አውራ ጣቴ ብቻ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣
ወደ ታች፣ ወደ ታች፤ ታቹ የት ይገኛል?
ያንዱን ሐዘን ሳልጨርስ የሌላው ቀልድ ይደርሳል፣
እንባዬ ሳይደርቅ ከንፈሬ ይስቃል።
ለማላውቀው ሟች “ነፍስ ይማር” እጽፋለሁ፣
አጥር የሚጋራኝን በሽተኛ ግን እረሳለሁ።

በወሩ፣ ያን ሁሉ ገለባ ሳበጥር፣
አንዲት ፍሬ አገኘሁ። አስራ ዘጠኝ ቀን አልፏታል።
ከአስናቁ ነች፤ ቢቸና አብራኝ የተማረች።
“ፓዌ ተመድቤያለሁ። ማክሰኞ በዚያ ሳልፍ
አውቶቡሱ ለምሳ ይቆማል። ልይሽ።”
ይኸው ነው።
አውቶቡሱም ቆመ፤ ምሳውም ተበላ፤ ሄደ።
እኔ ያን ሰዓት ምን ሳነብ ነበር?
ቆይ፣ ላስታውስ…
ባለ ሁለት ራስ ግልገል ስለወለደች በግ።
አገሯ እንኳ አልተጻፈም።

በነጋታው ለመስኖ ሪፖርት ወደ ቦዩ ወረድኩ።
የውሃ አባቱ አያ እንዳላማው፣
ከላህ የተጠለፈውን ውሃ አፉን በሣርና በጭቃ ሲደፍን፣
“ምነው? ሽንኩርቱ ሳይጠግብ?” ብለው፣ አየኝ ዓይን ዓይኔን።
“ሽንኩርት የሚሞተው በጥም ብቻ መስሎሻል?
ሲበዛም ከሥሩ እየሸተተ ይሞታል።
ሰኞ የላይኛው ነው፣ ሐሙስ የታችኛው፤
ከተራው ውጭ የመጣ፣ ውሃም ቢሆን፣ ሌባ ነው።”
ስልኬ ከኪሴ ጮኸ። ሁለቴ።
አያ እንዳላማው ሰምቷል። ምንም አላለ፤
ጭቃውን በተረከዙ ጠቀጠቀው።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ቦይ ቦዩን ደፈንኩ፤
ከአርባ አንድ ቻናል ሠላሳ ስድስቱን ሰረዝኩ፣
በጓንም ጨምሮ።
የአክስቴ ልጆችን ግሩፕ ድምፁን አጠፋሁት፤
ለቅሶ ካለ ይደውላሉ።
ኢሜይል ጧት ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ አስር ሰዓት፤
የዞኑ “አስቸኳይ” በመዘግየቱ እስካሁን የሞተ የለም።
ሌሊት ስልኬ ዕቃ ቤት፣ ከበርበሬው ጆንያ ጎን ይተኛል፣
ጧት ሳነሳው ያስነጥሰኛል።

አልዋሽም፤ ባለፈው ቅዳሜ በውድቅት ተነሥቼ፣
ግድግዳ እየዳበስኩ፣ ቦዩን ቀደድኩት ሄጄ።
እስኪነጋ ፈሰሰ።
አያ እንዳላማው እንደሚለው፣ ውሃ የሌሊት ሌባ አያጣም፤
ጧት ሄዶ መድፈን ነው እንጂ፣ ቦይ በርግማን አይዘጋም።

ለአስናቁ ጻፍኩላት፦
“ማክሰኞ ባጠገቤ አለፍሽ። በግ ሳይ ነበር። ስትገናኚኝ እነግርሻለሁ።”
እስካሁን አልመለሰችም።
ምናልባት እሷም ሁለት ሺህ ሥር ተኝታ ይሆናል።
መልሷን አልጠበቅኩም፤ ለሐሙስ
እስከ ቻግኒ ትኬት ቆርጫለሁ። ከዚያ ወዲያ
ሰው እየጠየቅኩ እሄዳለሁ።