ማጠፊያው

ቦጉሚል በያጅ ነው፣ ግዲኒያ ወደብ ላይ፣
ብረት ሊሰነጠቅ ሲል ከድምፁ የሚለይ።

ሦስት ማዳመጫ በሁለት ዓመት ቀብሯል፤
አንዱን በፕላስተር ጠቅልሎ አኑሯል፤
አንዱ ሽቦው ላልቶ ግራ ጆሮው ዲዳ፣
ሌላው ትራሱ ላይ የሚረግፍ ቆዳ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሱቁ ደረሰ፤
የጫማው በረዶ ወለሉን አራሰ።
ሻጩ ልጅ ቲሞን ነው፣ ጢሙ ገና ለጋ፤
አንዱን አወረደ፣ በወር ደሞዝ ዋጋ፤
«ቀይም አረንጓዴም ያበራል» ቢለውም፣
«ጆሮዬ» አለ ሰውየው፣ «ዓይን አልበቀለውም።»

ርካሹን አነሣ፤ ገና ሲከፍተው ሲጥ።
ያን ድምፅ ያውቀዋል፣ ገመና የሚያጋልጥ።

መሐል ላይ አንድ ጥቁር፣ ጌጥ አልባ፣ ዝም ያለ፤
ሽቦው ተነቃይ ነው፤ ስፖንጁም ሲያልቅበት መለወጫ አለ።
ጠመዘዘው ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ፤
«ኧረ ጌታዬ ቀስ! ሥራዬን ሊያሳጡኝ!»
ብረቱ ጎበጠ።
ተመለሰ።
ዝም።

ጆሮው ላይ ደፋና ፊልም አስከፈተ፤
ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ተከተተ፤
ከኋላው፣ በግራ፣ አንድ እግር ተራመደ፤
ዞር አለ። ማንም የለ።
ሦስት መቶ ዝሎቲ ቆጥሮ፣ እየሳቀ ወረደ።

ማታ ነው። ዶብራቫ ጎን ክፍል ተኝታለች፤
ሌሊቱን ሆስፒታል ልትቆም ትነሣለች።
እሱ ጆሮ ውስጥ ከተማ በመድፍ ይፈርሳል፤
እዚህ የማንቆርቆሪያው ክዳን ብቻ ይላወሳል።
ግራውን በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገና፣
ጦርነቱን በቀኝ፣
ትንፋሿን በግራ፣
ሁለቱንም ሰማ፤ ስትጠራው እንዳያመልጠው፣ ጆሮው እንደቀና።

ማጠፊያው ሲጥ አላለም።