ስድስት ሳንቲም

የመጣሁት ለግፊቴ ነበር፤ ክኒኔ አልቆብኝ፣
አግዳሚው ላይ ከጠዋት ጀምሬ ወገቤ ዝሎብኝ።
ጤና መኮንኑ ልጅ ነው፤ ቃልአብ ይሉታል፤
ጢሙ ገና ከጉንጩ ጋር ይደራደራል።
ክንዴን አስሮ፣ ነፍቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ሲጨርስ፣
«አንድ ነገር ቀረ፣ እማማ» አለኝ፣ ልነሣ ስል ልመለስ።
«ጫማዎን ያውልቁ፤ ተረከዝዎን ወደ ግድግዳ፤
ቀና ይበሉ።» ቀና አልኩ፤ እንደ ሠልፈኛ፣ እንደ እንግዳ።
አናቴ ላይ እንጨት አሳርፎ ቁጥሩን አነበበ፤
«አንድ ሜትር ከሃምሳ ዘጠኝ» አለ። ጻፈ። አሰበ።

ሳቄ መጣ። «ልጄ፣ ሜትርህ ተሳስቷል» አልኩት፤
አርባ ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ መዝገብ ቤት
ፋይል ያወጣሁ፣ ፋይል ያስገባሁ ሴት
ያለ ማስረጃ አልናገርም፤ ቦርሳዬን ከፈትኩት።
የቅጥሬ ጊዜ የጤና ምስክር ወረቀት፣
ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣
ማኅተሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙን ብል የቀመሰው፦
«ቁመት፣ አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት።» ያው፣ ያንብበው።

ታዲያ ስድስቱ የት ገባ?

እኛ ዘንድ ፋይል ሲወጣ በቦታው ካርድ ይተካል፤
ማን ወሰደው፣ ለምን ጉዳይ፣ መቼ ይመለሳል።
ከጀርባዬ ስድስት ሳንቲም ሲወጣ ማን ፈረመ?
ያጎበጠኝ ጠረጴዛው መስሎኝ፣ ያጎበጠኝ የአለቃዬ ቁጣ፤
ለካ አጥንቴ ነው፣ እንደ ዶሮ ማነቂያ ጎረቤቶቼ
ዕቃውን በፒክአፕ ጭኖ፣ ደህና ሁኚ ሳይል የወጣ።

ጥያቄው አላለቀም፤ ከወረቀት እያነበበ፦
«ወድቀው ያውቃሉ?»
አንዴ፤ ሰባ ደረጃ ላይ፣ በክረምት።
«የተሰበረስ?»
የእጄ አንጓ። ወጌሻ አሸኝ፣ ዳነ።
«የወር አበባ መቼ ቆመ?»
እፍረቴን ዋጥኩ። በአርባ ሦስት።
«ፀሐይ ይሞቃሉ?»
ልጄ፣ መዝገብ ቤት መስኮት የለውም።
«እናትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቃል?»

ዝም አልኩ።

እናቴ ትርፌነሽ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ብላ
ከደጃፋችን እርከን ወደቀች፤
ወጌሻ መጣ፣ ቅቤ መጣ፣ አራት ወር ተኛች፤
ሳትነሣ ሄደች።
ለቀስተኛው ሲጠይቅ «እርጅና ነው» አልን፤
የጠየቀውም ራሱን ነቀነቀልን።
ያን ሐዘን እኔው ነኝ «እርጅና» በሚል ርዕስ አስገብቼ የቆለፍኩ፤
ሃያ ስድስት ዓመት፤ አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠርኩ።
ይህ ልጅ በአንዲት መስመር ጥያቄ
ካላግባቡ ካኖርኩበት መደርደሪያ
አወጣብኝ።

በኛ ዘመን አጥንት የሚቆጠረው ለጋብቻ፣ ለርስት ነበር፤
ማን ከማን እንደተወለደ።
እሱ አጥንት ሲቆጥር የሚፈልገው
ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚወድቅ ነው።

«ፍርድ አይደለም» አለ፣ «ግምት ነው። ማሽኑ እኛ ጋ የለም፤
ሪፈር እጽፋለሁ፣ ወረፋው ይረዝማል።
እስከዚያ ምንጣፉን ያንሡት። ማታ ሲነሡ መብራት ያብሩ።»
እንደኔ ካሉ መቶ ሴቶች ስንቱ እንደሚሰበሩ ነገረኝ፤
በመቶዎቹ መሐል ራሴን ፈለግኩ፤
ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

ክኒኔንም ረስቼው ልወጣ ነበር።

ሰባ ደረጃን ስወርድ ብረቱን ያዝኩ፤
ድሮ ለሽማግሌ እተውለት የነበረውን ብረት።
ሃያኛው ላይ ቆሜ ለሙሉመቤት ደወልኩ፣ ለታናሼ፣
ስንት ዓመት የአስም ክኒን ለዋጠችው።
«ቁመትሽን አስለኪ» አልኳት።
«ምነው፣ ሣጥን ልታዢልኝ ነው?» ሳቀች።
«እንዳላዝልሽ ነው።»

ከኋላዋ ሬዲዮ ይሰማል።
«መርፌ አለው እንዴ?» አለች ቆይታ።
«የለውም፤ ጫማሽን ብቻ ነው የምታወልቂው።»