መስመሩ ተይዟል

ትሪየስቴ፣ መጋቢት። ቦራ የሚሉት ነፋስ
ባዶውን አደባባይ እንደ ጠፋ ዕቃ ሲያስስ፣
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ዳር
ኒቨስ ትጠይቃለች፦ «ሰው የታል? ዛሬ ምን በዓል ነው? ምን ነገር?»

ወረርሽኝ ነው እላታለሁ።
እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፤ ስትደነግጥ አያለሁ።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያው መስኮት፣ ያው ጥያቄ፤
ለእሷ ትኩስ ወሬ፣ ለእኔ የነተበ ጨርቄ።

አርባ ዓመት ሙሉ በስልክ ቤት ሠርታለች፣
ገመድ እየነቀለች፣ ገመድ እየሰካች፣
መርከበኛን ከሚስቱ፣ ባለዕዳን ከባንኩ፣
«አንድ አፍታ ይጠብቁ» እያለች በስልኩ።
ዛሬ በጭንቅላቷ ገመዱ ተዛንቆ፣
የባሏ ስም ከድመቷ ስም ተጣብቆ፣
እኔን ብሩና ትለኛለች፣ በእህቷ።
ስሜ አምሳለ ነው።
የማን አምሳል እንደሆንኩ የምትወስነው
እሷ ናት።

ጭምብል ሳደርግ ግን ብሩናም አልሆንም።
«ሌባ!» ትለኛለች፤ አትጠጋኝም።
የማንኪያ መሳቢያውን በጀርባዋ ትጋርዳለች፣
ዓይኔን ብቻ አይታ ማንን ታምናለች?

ብሩና በሚያዝያ ሞተች፣ ሆስፒታል፣ ብቻዋን።
ነርሷ ደውላ ነገረችኝ የአልጋዋን ቁጥር፣ ሰዓቱን።
በእኛ ወግ መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፣
ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣
የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ከኋላ ቆሞ፤
የሚነገረውም አንዴ ነው።
እኔ መርዶ ነጋሪ ሆንኩ፣ ብቻዬን፣ በየማለዳው፣
ለዚያችው ሴት፣ ያንኑ ሞት።
አራት ቀን ነገርኳት። አራቱንም ቀን እንደ መጀመሪያው
የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ቀረች፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ።
በአምስተኛው ተውኩት።
«ብሩና የታለች?» ስትለኝ
«አለሁ» አልኳት።
ዋሸሁ? እንጃ። ስሜ እንደሆን አምሳለ ነው።

ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል፤
ከአስታማሚዎች መስመር የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል።
ሎሬዳና ትባላለች። መልኳን አላውቀውም።
ስለ ኒቨስ ቀድማ አትጠይቀኝም፤
«አንቺስ በላሽ?» ትላለች፣ «አንቺስ ተኛሽ ወይ?»
ይሄን ስሰማ ምላሴ ይታሰራል፤ ዞር እላለሁ፣ ስልኩ የሚያየኝ ይመስል፣ ወደ ግድግዳው ላይ።
ከዚያ ምክሯን ትሰጠኛለች፦ አትከራከሪያት።
ጠዋት መጋረጃውን ክፈችላት፣
ብርሃን ለአንጎልም እህል ነው።
ኮሪደሩን አብረሽ አመላልሻት፣
እጇን ሥራ አታሳጫት።

እሺ። ሥራ ሰጠኋት።
አሥራ ሁለት የገበታ ጨርቅ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ
ታጥፋለች፣ እንደ ጥንቱ ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ፤
ስትጨርስ ወስጄ፣ ማድ ቤት ገብቼ፣
በታትኜ አመጣለሁ።
«ምን ያህል ጨርቅ አለ በዚህ ቤት!» ትላለች ኮርታ።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እስቃለሁ።

አንድ ሌሊት ግን ጮህኩባት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ለስድስተኛ ጊዜ ነበር ካፖርቷን ደርባ
ከበሩ ቁልፍ ጋር ስትታገል ያገኘኋት፣
«ተረኛ ነኝ፣ ረፈደብኝ» እያለች።
ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ወጣ ከአፌ፣
ግድግዳው ሰማው፣ ታችኛው ፎቅ ሰማው፣
እኔም ሰማሁት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በግማሽ ጎኔ ተደግፌ።
እሷ አላለቀሰችም።
ኮሪደሩ ላይ ያለውን አሮጌ ስልክ፣ ገመዱ ከተቆረጠ ዘመን የሆነውን፣
አነሳች።
ወገቧ ቀና አለ። ድምፅዋ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነ።
«ይናገሩ፤ ማንን ላገናኝዎት?»

ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት፦
«የሚተካኝ ሰው። ለሁለት ሰዓት። ልተኛ።»

አዳመጠች፣ የሞተውን ገመድ፣ ረጅም ጊዜ፣
ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ ዝም በሉ እንደማለት።
«መስመሩ ተይዟል» አለች።
«እንዳይዘጉት።
እኔ እዚሁ ነኝ።»